ከወረቀቱ ያስቀረሁት ግዝት

ማክሰኞ

ሙሉ ሦስት ጊዜ ደወለች፤ ሦስቴም አላነሳሁም። ክፍል ውስጥ ነበርኩ ብዬ ልዋሻት አስቤ ነበር። በአራተኛው አነሳሁ። እናቷ ደጅ ላይ አንዲት ሴትዮ ቆማ "ባሌን አሳወርሽው!" እያለች ስትጮኽ ከበስተጀርባ ይሰማኛል።

ሙሉ የእማማ አስካለ ልጅ ናት። ይሄ ማስታወሻ የራሴ ስለሆነ እማማ አስካለን ለማንም ማስተዋወቅ የለብኝም። ግን ዛሬ ማን እንደሆኑ በደንብ መጻፍ ፈለግኩ፤ ምናልባት ያኔ የሚገባኝን ያህል አፍራለሁ።

እሪ በከንቱ፣ ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ግማሹ በፈረሰ ግቢ ውስጥ የሚኖሩ ሰባ ስድስት ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። አልማዝ ባለጭራ የያዘው ሰው፣ ያ ጎን ላይ ወይም ግንባር ላይ እንደ እሳት የሚያቃጥል ሽፍታ የወጣበት፣ መጀመሪያ የሚሄደው እሳቸው ጋ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ የሚሉትን ጻፍኩ። ቅጠሉን አሳዩኝ። እንዴት እንደሚወቀጥ፣ በምን እንደሚለወስ፣ ስንት ቀን እንደሚቀባ። ላቦራቶሪ ወሰድኩት፤ ሠራ። ውጭ አገር መጽሔት ላይ ወጣ። ቢሮ ውስጥ ኬክ ተቆረሰ። ከዚያ ሬዲዮ ጠሩኝ።

ሬዲዮ ላይ ጎበዝ ነበርኩ። ጋዜጠኛው "ታዲያ ሰው እቤቱ ሊሠራው ይችላል?" ሲለኝ "በጣም ቀላል ነው!" ብዬ ሳቅኩ። ቅጠሉን በስሙ ጠራሁት፤ አሠራሩን አንድ በአንድ አስረዳሁ። "እሪ በከንቱ ያሉ አንዲት እናት ናቸው ያስተማሩኝ" አልኩ። ስማቸውን አልጠራሁም፤ ግን እዚያ ሰፈር ይሄን መድኃኒት የሚሰጡ ስንት እናቶች አሉ?

የሴትዮዋ ባል ጋሽ ተካ ይባላል። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ኮት ሰፊ ነው። ስፌቱ ላይ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ ይሰማል። ሽፍታው ግንባሩ ላይ ወጥቶበት ወደ ዓይኑ እየወረደ ነበር። እኔን ሰማ፣ ቅጠሉን ፈልጎ አገኘ፣ ወቀጠ፣ ሽፋሽፍቱ ድረስ ቀባ። አሁን ሐኪም ቤት ተኝቷል። ሁለቱም ዓይኖቹ አብጠው ተደፍነዋል፤ ግራው ያሰጋል ተብሏል።

ሙሉ ይሄን ሁሉ ስትነግረኝ "እሺ... እሺ..." ብቻ ነው ያልኩት። የምን እሺ!

(የቅጠሉን ስም እዚህ አልጽፍም። አሁን ገና ጠንቃቃ ሆንኩ።)

ረቡዕ

የድሮውን ደብተር ከካርቶን ውስጥ አወጣሁት። እውነቱን ልጻፍ፤ የፈለግኩት ምናልባት እማማ አልነገሩኝም ይሆናል ብዬ ነው። እንዳልነገሩኝ ተስፋ አድርጌ ነበር። ደብተሩን እያገላበጥኩ ስንት ጊዜ "አይኖርም፣ አይኖርም" እንዳልኩ።

አለ። በገዛ እጄ ጽሕፈት፣ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት፦

"ከቅንድብ የወረደ፣ ዓይን አጠገብ የደረሰ አይነካም። ግዝት ነው። ሐኪም ቤት ይሂድ።"

ከሥሩ ሌሎቹ፦ ነፍሰ ጡር አትወቅጠውም፣ ግዝት ነው። የተቀባ ሰው ሦስት ቀን ፀሐይ አይመታውም፣ ግዝት ነው። አረቄም ጠጅም አይቀምስም፣ ግዝት ነው። ቅጠሉን ሊቆርጥ የወጣ ሰው መንገድ ላይ ለጠራው አይመልስም፣ ግዝት ነው።

እንዴት እንደጠፋ አስታወስኩ። ሰንጠረዥ ስሠራ አንዱን ዓምድ "እምነትና ሥርዓት" ብዬ ነበር። ግዝት የሚል ያለበትን ሁሉ ሰብስቤ እዚያ ውስጥ ከተትኩት። አልለየሁም። ዓይን የሚለውን አላየሁም፤ ያየሁት ግዝት የሚለውን ብቻ ነው። ገምጋሚዎቹ ጽሑፉ ረዝሟል ሲሉ ዓምዱን በሙሉ ሰረዝኩት። ደስ እያለኝ! ወረቀቴ ጸዳልኝ ነው ያልኩት።

ለምን ደስ አለኝ? ጴንጤ ቤት ነው ያደግኩት። እማዬ ግዝት፣ ክታብ፣ ድግምት ከሰማች "በኢየሱስ ስም!" ትላለች። ልጅ ሆኜ የጎረቤታችን ልጅ አንገት ላይ ያለውን ክታብ ነክቼ እጄን ሦስት ጊዜ በሳሙና አሳጥባኛለች። አሁን አርባ አንድ ዓመቴ ነው፣ ዶክተር ሊዲያ ነኝ፣ እስካሁን እጄን እየታጠብኩ ነበር። ደግሞ ውጭ ያሉት ሰዎች የጠንቋይ ጸሐፊ እንዳይሉኝ ፈርቻለሁ። ይሄም አለበት። እንዲያውም ይሄ ሳይበልጥ አይቀርም።

ሙሉ ዛሬም ደወለች። አላነሳሁም።

ሐሙስ

የክፍል ኃላፊያችን ጋ ገብቼ ነገርኩት። ሁሉንም አይደለም፤ "ጽሑፉ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ሳይገባ ቀርቷል" አልኩ። ሳይገባ ቀርቷል! በራሱ እግር የሄደ ይመስላል።

ሻይ አዘዘልኝ። "ስሚ ሊዲያ፣ አንቺ ጥናት ነው ያወጣሽው፤ ለሰው መድኃኒት አላዘዝሽም። ሰውየው በገዛ እጁ ነው" አለኝ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የዕድገት ፋይሌ በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚታይ፣ ተባባሪ ፕሮፌሰርነቱ የቆመው በዚያ ጽሑፍ ላይ እንደሆነ፣ እርማት ምናምን መጻፍ ካለብኝም ከዚያ በኋላ ይሻላል አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ያዘነልኝ መስሎታል።

ደስ አለኝ። ይሄን መጻፍ ያስጠላኛል፤ ግን ደረጃውን ስወርድ ቀለል ብሎኝ ነበር። በገዛ እጁ ነው፣ በገዛ እጁ ነው እያልኩ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ በእግሬ ሄድኩ። ካፌ ገብቼ ማኪያቶ አዘዝኩ። አጠገቤ ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል።

"ያቺ የእሪ በከንቱዋ መድኃኒተኛ ሰው አሳወረች አሉ" አለ አንዱ።

"ድሮም ጠንቋይ ናት" አለ ሌላው።

ዞር ብዬ "አይደሉም" ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት! ስልኬን አውጥቼ የማነብ መሰልኩ። ማኪያቶውን ግማሹን ትቼ ወጣሁ። ወደ እማማ ልሄድ ቁልቁለቱን ጀመርኩና መሃል ላይ ተመለስኩ። የእማማን ግቢ የምታውቅ ሱቅ ያላት ልጅ "ዶክተር፣ ዛሬ ሳይገቡ?" አለችኝ። ስልክ ተደውሎልኝ ነው አልኳት።

ዓርብ

ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ። ዛሬ ካልጻፍኩት ነገ አሳምሬ እጽፈዋለሁ።

ብርቱካን ገዝቼ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ልነግረው ነው የሄድኩት፤ እምላለሁ። አንድ ክፍል ውስጥ አራት አልጋ አለ፤ እሱ መስኮቱ ሥር ነው። ስልሳ የሚሆነው ቀጭን ሰው። ግራ ዓይኑ በፋሻ ተሸፍኗል፤ ቀኙም አብጦ ተደፍኗል። ሚስቱ ወይዘሮ ጥሩወርቅ አጠገቡ ተቀምጣለች። ማክሰኞ ለት እማማ ደጅ ላይ ስትጮኽ የነበረችው እሷ ናት።

"ከዩኒቨርሲቲ ነው የመጣሁት፣ እንዴት ዋሉ?" አልኩ።

ጋሽ ተካ ጭንቅላቱን ከትራሱ ቀና አደረገ። "ቆይ፣ ቆይ... ይሄን ድምፅ አውቀዋለሁ። የሬዲዮዋ ዶክተር አይደሉም እንዴ?" ብሎ ሊነሳ ሞከረ። ሁለት ዓይኑ የተደፈነ ሰው፣ ለእኔ ሊነሳ!

ከዚያ ይቅርታ ጠየቀኝ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው ዶክተር። እርስዎ በደንብ አድርገው ነው የተናገሩት። እኔ ደንበኛ መጥቶብኝ ኮት ስለካ መሃሉ አመለጠኝ። ዋናውን ነገር ያን ጊዜ ተናግረውት ይሆናል። በአጉል ጥድፊያዬ ስምዎን አጠፋሁብዎ" አለ።

እና እኔ ምን አልኩ? "ኧረ ምንም አይደለም፣ አይጨነቁ" አልኩት። ይቅር አልኩት! እኔ! እሱን!

ወይዘሮ ጥሩወርቅ እጄን በሁለት እጇ ያዘች። "እርስዎማ የተማሩ ነዎት፤ ምን አጠፉ? ያቺ አሮጊት ናት እንጂ ጉድ የሠራችን። ሰኞ ወረዳ ገብቼ አመለክታለሁ፤ ሁለተኛ ለሰው ቅጠል እንዳትሰጥ አስደርጋታለሁ" አለች። እሱንም ዝም አልኩ። ብርቱካኑን ኮመዲኖው ላይ አስቀምጬ፣ እግዜር ይማርዎ ብዬ ወጣሁ። እስከ በሩ ድረስ ሸኘችኝ፤ መረቀችኝም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ከአፍ አለመውጣቱስ?

ቅዳሜ

እማማ አስካለ ጋ ሄድኩ። ደጁ ጭር ብሏል። ቅዳሜ ጠዋት አግዳሚው ላይ ሰባት ስምንት ሰው የማይጠፋበት ቤት፣ ዛሬ አንድም ሰው የለም። እማማ ጎመን ይቀነጥሳሉ። ሙሉ በር ከፍታልኝ ሰላም ሳትለኝ ጓዳ ገባች።

"ዘገየሽ" አሉኝ።

"አዎ፣ እማማ።"

"እግርሽን አሞሽ ነው?"

"አይ።"

"እንግዲያ ሆድሽን ነው" አሉና በርጩማውን በእግራቸው ገፋ አደረጉልኝ።

ቁጭ አልኩ። ጎመኑን መቀንጠስ ጀመርኩ፤ እጄን የማደርግበት አጥቼ ነው። እሳቸው ቀና ሳይሉ ጠየቁኝ፤

"ግዝቱን ነግሬሻለሁ?"

"ነግረውኛል።"

"ጽፈሽው ነበር?"

"ጽፌዋለሁ።"

"ታዲያ የት ሄደ?"

አስረዳሁ። ዓምዱን፣ ገምጋሚዎቹን፣ የገጽ ብዛቱን፣ እማዬን ሁሉ። ስናገር ለራሴም ያስቀኛል፤ አንድ ሰው ዓይኑን ያጣው ገጽ ስለበዛ ነው ይላል ዝርዝሩ። እማማ አስጨረሱኝ።

"ልጄ፣ እኔ 'ዓይንህ አጠገብ አትቀባ፣ ይጎዳሃል' ብለው ሰው ይሰማኛል? አይሰማም። ከጨነቀው 'ትንሽ ባደርግስ' ይላል። ግዝት ነው ስለው ግን ደንግጦ ይተዋል። እናቴም ያስያዘችኝ እንዲህ ነው። ሰዉ የሚፈራው ነገር ያስፈልገዋል። አንቺም ፈርተሻል፤ ግን የፈራሽው ለስምሽ ነው።"

ለወይዘሮ ጥሩወርቅ "እኔ አይደለሁም" ለምን አላሉም አልኳቸው። ተቆጡ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጡኝ። "መድኃኒቱ የማን ነው? የሰጠሁሽ እኔ አይደለሁም? የሰጠ ሰው ይጠየቃል። እኔ የራሴን ተጠየቅሁ። አንቺስ?" አሉኝ።

ይቅር ይበሉኝ ብዬ ጉልበታቸውን ልይዝ ስል እጄን መለሱት። "እኔ ጤነኛ ነኝ። መጀመሪያ የታመመው ጋ ሂጂ" አሉ።

ማታ ሳይሆን ወዲያው፣ ፒያሳ ካፌ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ የሠራኋቸው ነገሮች፦

ለመጽሔቱ የእርማት ደብዳቤ ላክሁ። "የተዘነጋ" ብዬ ጀምሬ ነበር፤ አጥፍቼ "ደራሲዋ ያወጣችው" አልኩ።

ለክፍል ኃላፊው ጽሑፉን ከፋይሌ እንዲያወጣው ጻፍኩ። "አስበሽበታል?" ብሎ መለሰ። አዎ አልኩ። ሌላ አልጻፈም።

ሬዲዮ ጣቢያው ደወልኩ። ጋዜጠኛው በጣም ደስ አለው፤ ሌላ መድኃኒት ያገኘሁ መስሎት። ጉዳዩን ስነግረው ድምፁ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ እርማቱን እንድናገር ረቡዕ ጠዋት ሰዓት ሰጠኝ።

ለጋሽ ተካ ግን አልነገርኩም። ሦስቱ ከሩቅ የሚሠሩ ናቸው።

እሁድ

ጠዋት ከእማዬ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ስንመለስ ሁሉንም ነገርኳት። እንደጠበቅሁት "ከዚያ ከባዕድ ነገር ውጪ ብዬሽ አልነበረም?" አለች።

"እማዬ፣ ሰውየውን የጎዳው የሴትየዋ ግዝት አይደለም። ግዝቱ ቢነገረው ኖሮ ይድን ነበር። እኔ ነኝ የሸሸሁት" አልኳት።

ትቆጣለች ብዬ ነበር። "ለሰውየው ነግረሽዋል?" አለች።

"አልነገርኩም።"

"ታዲያ ከእኔ ጋር ምን ትሠሪያለሽ? ሂጂ እንጂ! እጸልይልሻለሁ፤ እኔ ግን አልነግርልሽም።"

ምሳ ሳልበላ ሄድኩ። ጋሽ ተካ ተቀምጧል። ቀኝ ዓይኑ ተከፍቷል፤ ቀልቷል እንጂ ያያል። ለመጀመሪያ ጊዜ አየኝና ፈገግ አለ፤ "ወጣት ነዎት ለካ!" አለኝ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ወንበር አመጣችልኝ። አልተቀመጥኩም።

"ጋሽ ተካ፣ ኮት ሲለኩ ያመለጠዎት ነገር የለም" አልኩ። "ዓይን አጠገብ እንዳይቀባ አልተናገርኩም። ወረቀቱም ላይ የለም። እማማ አስካለ በደንብ ነግረውኝ፣ ጽፌው፣ ያወጣሁት እኔ ነኝ። እሳቸው ጋ ሄደው ቢሆን ኖሮ ሳይነኩዎት ሐኪም ቤት ይልኩዎት ነበር።"

ወይዘሮ ጥሩወርቅ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች። እሱ ጋቢውን አስተካከለ።

"ዓርብ ለት እዚህ መጥተሽ ነበር" አለ።

"አዎ።"

"ይቅርታ ስጠይቅሽ።"

"አዎ።"

"ምንም አይደለም አልሽኝ።"

ቢጮህብኝ ምን ነበረበት! ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው፤ ለኮት ልክ እየወሰደ ይመስል።

"እኔ እኮ እዚህ ተኝቼ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ምን ብላ ይሆን ያመለጠኝ፣ ያ ደንበኛ ባይመጣ ኖሮ ምን እሰማ ነበር እያልኩ ነው የከረምኩት። ለእሷም" አለ ወደ ሚስቱ እየጠቆመ፣ "በገዛ ጥፋቴ ጉድ አደረግኩሽ ስላት ነው የሰነበትኩት።"

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ነጠላዋን ከአልጋው ራስጌ አነሳች። አላየችኝም። ወጥታ ሄደች። የት እንደምትሄድ ገብቶኛል።

አለቀስኩ። ላለማልቀስ ወስኜ ነበር፤ ምክንያቱም ካለቀስኩ እሱ ሊያጽናናኝ ይሞክራል ብዬ። አላጽናናኝም። ይሄኛው ደግ ነገር ነበር።

"ይቅር ልበልሽ አልበልሽ አላውቅም፤ አልዋሽሽም" አለኝ። "ነገ ፋሻው ይፈታል። መምጣት ከፈለግሽ ነይ።"

ሰኞ

ሁለት ሰዓት ላይ እዚያ ነበርኩ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቀድማኛለች። ሰላም አላለችኝም፤ ግን ከአግዳሚው ላይ ፌስታሏን አንስታ ቦታ ለቀቀችልኝ። ሙሉ ዛሬ ጠዋት ደውላ ነግራኛለች፤ ትላንት ወይዘሮ ጥሩወርቅ እማማ ጋ ሄዳ ደጁ ላይ ተደፍታ ነበር፤ እማማ አንስተው ምሳ አብልተው ላኳት። ወረዳ የሚባለው ነገር ቀርቷል። "ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰው መጥቷል" አለችኝ ሙሉ። ድምፅዋ ትንሽ ለስልሷል። አንዱን ሽፍታው ዓይኑ አጠገብ ስለወጣበት እማማ ሐኪም ቤት ሰደዱት።

ፋሻውን ስትፈታ ወጣቷ ሐኪም ማንም ሰው አጠገቡ እንዳይሆን አለች። ሚስቱ አልጋው ግርጌ፣ እኔ በሩ ጋ ቆምን። ግራ ዓይኑ እንደ ወተት የደፈረሰ ነገር አለበት። ሐኪሟ ቀኙን በመዳፏ ሸፈነችና "ቀስ ብለው ይዩ። ምን ይታይዎታል?" አለችው።

ሚስቱ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እኔም በውስጤ ስጸልይ ነበር፤ ስለ እሱ ይሁን ስለ ራሴ እንኳን አልለየሁትም።

"ብርሃን" አለ። "ያ መስኮት ነው።" ፊቱን ቀስ እያለ አዞረ። "እዚያ ደግሞ ጥላ ቆሟል። በሩ ጋ።"

ሐኪሟ ደስ አላት። ጥላና ብርሃን መለየቱ ከጠበቀችው በላይ ነው አለች። ዓይኑ ላይ ያለው ነጭ ጠባሳ ምን ያህል እንደሚጠራ ግን አሁን መናገር አትችልም፤ ሳምንታት ይፈልጋል፤ ላይጠራም ይችላል። ወይዘሮ ጥሩወርቅ "ተመስገን" ብላ እግሩን በብርድ ልብሱ ላይ ያዘች።

ልወጣ ስል ጠራኝ። "ያ ጥላ አንቺ ነሽ አይደል?" አለኝ።

"እኔ ነኝ።"

"ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ደግሜ እታያለሁ። ነይና እዚያው በሩ ጋ ቁሚ" አለ። "መጥራት አለመጥራቱን በአንቺ ነው የማየው።"

እሺ አልኩት።